ያልተገኘው በረኛ

ሰላጣ ላይ አቼቶ ሲፈስ ሌላው ሰው ምራቁን ይውጣል፤ እኔ ፎቶ ቤት እገባለሁ። ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ሆነ። ጠርሙሱን ከፍቼ ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው ቲማቲሙን በእጄ እንደያዝኩ ዲላ ደረስኩ፤ ጋሽ ተካ ጨለማ ክፍል፣ ቀዩ አምፖል ሥር፣ ሳህን ውስጥ ከሚዋኙት ወረቀቶች አጠገብ። ፎቶ የሚታጠብበት ውሃ ልክ እንደ አቼቶ ይሸት ነበር። ልጅ ሆኜ ጋሽ ተካ ፎቶዎቹን በሰላጣ ማጣፈጫ የሚያጥባቸው ስለሚመስለኝ አንድ ቀን አንዱን በምላሴ ቀምሼው አውቃለሁ። አይጣፍጥም።

የዚያ ዓመት ነገር ሁሉ መነሻው ይኸው ሰው ነው። ጋሽ ተካ እኛ ከመወለዳችን በፊት፣ የከተማችን እግር ኳስ ቡድን ስሙ በናኘበት ዘመን፣ ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ ጎሉ አጠገብ እያቆመ ያነሳቸው ነበር። ፎቶዎቹን ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ከፍ አድርጎ ያትምና ጨዋታ ባለ ቀን ሜዳ ዳር ይሸጣቸዋል። የዲላ ሰው እየገዛ ኪሱ ከተተ፣ መስተዋት ጠርዝ ላይ ሰካ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አኖረ። ከዚያ ቡድኑ ተበተነ፣ ተጫዋቾቹም ሸበቱ፣ ፎቶዎቹን የሚያስታውስ ጠፋ።

እኛ አምስተኛ ክፍል ስንደርስ ግን ነገሩ እንደገና ተቀሰቀሰ። የቡና ለቀማው ጊዜ ነበር። ግማሹ ተማሪ ወላጆቹን ሊያግዝ ገጠር ወጥቶ ክፍሉ ሳስቷል፣ አስተማሪዎቹም በሙሉ ልብ አያስተምሩም። ታሪኩ የሚባል፣ ወሬ ሳይጨምር መተንፈስ የማይችል የክፍላችን ልጅ፣ ከአባቱ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያገኛቸውን ተጫዋቾች ይዞ መጣና ዴስክ ላይ ደረደራቸው። በቃ፣ ጉድ ፈላ። የከተማው አባቶች ሳጥን አንድ ሳይቀር ተበረበረ። ከዚያ ወዲያ ብይም ገመድ ዝላይም ተረስቶ፣ ማን ለማን ይቀየራል የሚለው ብቻ ሥራችን ሆነ።

እነዚያ ሰዎች ሲጫወቱ ያየ ከመሃላችን አንድም አልነበረም። ጎበዝ ይሁኑ ሰነፍ ግድ አልሰጠንም። እኛን የሚያጣላን አንድ ጥያቄ ነበር፤ ብርቁ የቱ ነው?

ታሪኩ የራሱ መለኪያ ነበረው። ፎቶው ይበልጥ በጠቆረ ቁጥር ይበልጥ ብርቅ ነው ይላል። እሱን ሰምተው ጭስ የጠጣ ፎቶ በንጹሑ የቀየሩ የዋሆች ነበሩ። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው የነገረኝን ዝም ብዬ የማልቀበል ነገረኛ ነኝና መለኪያዬ ሌላ ነበር፤ ስንት ቤት አለ? ለዚህ ደግሞ ከእኔ የተሻለ ሰው አይገኝም። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ተሰፍቶ ያለቀውን የማደርሰው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ሰፈሩ ውስጥ ያልገባሁበት ቤት፣ ያላየሁት መስተዋት የለም። ቀሚሱ እየተለካ ሳለ ዓይኔ ግድግዳ ለግድግዳ ይዞራል። «ይህች ልጅ ምን ጠፍቷት ነው?» ይሉኛል። እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ «አዲሱን ቀለም እያየሁ ነው» እላለሁ፤ ቀለም ያልነካው የጭቃ ግድግዳ ፊት ቆሜ።

በዚህ ሥራዬ ብዙ ነገር ተማርኩ። ለምሳሌ ከሁሉም የበዛው ሽፈራው ነበር። ሽፈራው ተቀያሪ ነው፤ አባቶቻችን «ሜዳ የሚገባው ሲዘንብ ብቻ ነው» እያሉ ይቀልዱበታል። ግን ዘመዶቹ ከዱመርሶ እስከ ኢዲዶ የተዘረጉ ነበሩ፤ የቡና ገንዘብ እጃቸው በገባ ሰሞን ሁሉም «ልጃችን» እያለ ገዛው። ከመብዛቱ የተነሳ እኛ የሚንገዳገድ ዴስክ ሥር እንሸጉጠው ነበር። በተቃራኒው፣ ከተማው ሁሉ ያበደለት አጥቂ በቀላሉ አይገኝም። እሱን የገዛው ሰው መች ቤት አስቀመጠው፤ ኪሱ ይዞት እየዞረ በላብ አለቀ። ቆነጃጅቱም ሲያገቡ ይዘውት ሄዱ። በዱቄት ሙጫ ግድግዳ ላይ የተለጠፉትን ደግሞ አይጥ በላቸው። ስለዚህ ብርቅ የሚባሉት ሁለት ዓይነት ናቸው አልኩ፤ መጀመሪያውኑ ጥቂት ሆነው የተወለዱና ብዙ ሆነው ተወልደው ያለቁ። ይህን ለታሪኩ ስነግረው «አንቺ ደግሞ ፍልስፍና አበዛሽ» አለኝ።

በረኛው ግን ከሁለቱም አልነበረም። በረኛው ጭራሽ የለም። በአንድም ቤት፣ በአንድም ሳጥን፣ በአንድም መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አልተገኘም። ታሪኩ «በረኛ ጎሉን ትቶ መሄድ ስለማይፈቀድለት ፎቶ አይነሳም» አለ፤ ክፍሉም አመነው። እኔም ላምን ምንም አልቀረኝም ነበር። አንድ ቀን ግን ፀጉር አስተካካዩ ቤት ሱሪ ላደርስ ስገባ፣ ግድግዳው ላይ ቡድኑ በሙሉ ተደርድሮ አየሁ። መሃል ላይ አንድ ፎቶ የሚያህል ቦታ ክፍት ነው። ዙሪያው በጊዜ ብዛት ጠቁሮ፣ ያቺ ቦታ ብቻ ነጭ።

በረኛው ነበረ፤ አንድ ሰው ወስዶታል ማለት ነው።

«እዚህ ጋ ማን ነበር?» አልኩት።

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ዞሮ አየኝና «ሱሪውን አስቀምጪና ወደ ቤትሽ ሂጂ» አለኝ። ሲስቅ እንጂ ሲቆጣ አይቼው የማላውቅ ሰው ነው። ሌላ ቦታም ጠየቅሁ። ሻይ ቤቱ፣ የእድሩ ጽሕፈት ቤት፣ የታሪኩ አባት ዘንድ። ሁሉም ስለ ሽፈራው ስጠይቅ ሳቅ በሳቅ ይሆናሉ፤ በረኛው ሲነሳ ፊታቸው ይዘጋል። እንግዲህ ከዚህ ምን ይረዳል ልጅ? እኔ የተረዳሁት ከተማው ሁሉ ተባብሮ ፎቶዎቹን አንድ ቦታ እንደደበቀ፣ አንድ ቀን በውድ ሊሸጣቸው እንዳሰበ ነው። ለጊዜው የትምህርት ቤታችንን ዘበኛ ጠረጠርኩ፤ ምክንያቱም በቁልፍ የሚዘጋ ሳጥን ነበረው። ተከታተልኩት፣ አድብቼ አየሁት። ሳጥኑ ውስጥ ምሳው ነበር።

ፍለጋውን ልተው ስል በረኛው በገዛ እግሩ ቤታችን መጣ። አጎቴ ጥሎት የሄደ አሮጌ ኮት ነበረ፤ እናቴ ለወንድሜ ልትቀንሰው አስባ ገበሩን እንድፈታ ሰጠችኝ። ስፌቱን በምላጭ ስበጣጥስ፣ ከተቀደደው ኪስ ሾልኮ ታች ገበሩ ውስጥ የወደቀ ጠንካራ ነገር ጣቴን ነካው። አወጣሁት። ጥቁር ባለ ረጅም እጅጌ ሹራብ የለበሰ ቀጭን ልጅ፣ ኳስ እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ ካሜራውን እያየ ሊስቅ ሲል። ጀርባው ላይ የጋሽ ተካ ማኅተም። ለእናቴ አላሳየኋትም። ደብተሬ ሽፋን ውስጥ ከተትኩት።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ንግሥት ሆንኩ። ታሪኩ ያለውን ተጫዋች በሙሉ፣ እላዩ ላይ የጨርቅ ኳሱን ጨምሮ ልስጥሽ አለኝ፤ አልቀየርም አልኩ። ልጆቹ «በረኛው ተገኘ! በረኛው ተገኘ!» እያሉ ከትምህርት ቤት እስከ ገበያው ድረስ ጨፈሩ። እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ ጋሽ ተካ አይቶ፣ አዎ ይህ ከሁሉም ብርቅ ነው፣ እንዲለኝ ፈለግሁ። ደግሞ ምክንያት አላጣሁም። እናቴ ለጨለማው ክፍል የሰፋችለትን ጥቁር መጋረጃ ማድረስ ነበረብኝ።

ጋሽ ተካ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጋረጃውን ሲመረምር ፎቶውን ዘረጋሁለት። «ይሄን ስንት ብቻ ነው ያተሙት?» አልኩት፤ ጥቂት እንዲለኝ እየጸለይኩ።

መነጽሩን አወረደ። ከዚያ ቁጭ አለ። «ከየት አመጣሽው?»

ነገርኩት።

«ስንት አተሙ ነው የምትዪው?» አለ። «ልጄ፣ ከሁሉም አብልጬ ያተምኩት እሱን ነበር። ማርቆስን ያልገዛ ሰው አልነበረም። ቤቱ ያልሰቀለው አልነበረም።»

«ታዲያ የት ሄዱ?»

«ሰበሰብናቸው።» ፎቶውን በሁለት ጣቱ ጠርዙን ብቻ ይዞ ያየዋል። «ትኩሳት ያዘው፣ ሳንዘጋጅ ሞተ። ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላውም። እናቱ ከለቅሶ በኋላ በየቤቱ፣ በየሱቁ እየገባች ፎቶው ፊት ቆማ ትጮኽ ጀመር። ሽማግሌዎች ተመካከሩ። ባየችው ቁጥር ልትሞትብን ነው ተባለ። ከየግድግዳው ተላጠ፣ ከየኪሱ ተለቀመ፣ ቤቷ ያለው እንኳ ተወሰደ። እኔም ኔጋቲቩን በዚህ መቀስ ቆራረጥኩት። ደግ ሥራ መስሎኝ።»

እኛ ዘንድ የሞተ ልጅ ፎቶ ከእናቱ ይደበቃል። ጨክኖ የሚያደርገው የለም፤ ለሷ ታዝኖ ነው። ይህን ያኔ አላውቅም ነበር።

«እናቱ ማን ናት?»

«የአልማዝ እናት ናት። ቆጮ የምታመጣላችሁ። እንዳታይብሽ! ሂጂና ለእናትሽ ስጪያት፣ እሷ ታውቅበታለች።»

የአልማዝን እናት በደንብ ነው የማውቃት። በሴት ልጇ ስም የምትጠራ፣ ቆጮ በቅጠል ጠቅልላ ከቤት ቤት የምታዞር፣ ጠይም ረጅም ሴት ናት። ዕቃዋን ሳታወርድ መስተዋት ፊት ትቆም ስለነበር መልኳን የምትወድ ኩሩ ትመስለኝ ነበር። ወንድ ልጅ ኖሯት እንደሚያውቅ ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

እናቴ ፎቶውን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ነገ ለጋሽ ተካ ትመልሺለታለሽ፤ እንደሌሎቹ ያድርገው» አለች። እንደሌሎቹ ማለት ምን እንደሆነ ገባኝ፤ መቀሱን አይቼዋለሁ። ፎቶውን መልሼ ደብተሬ ሽፋን ውስጥ ከተትኩና እላዩ ላይ ተቀመጥኩበት።

ያን ዕለት ገና ሳይመሽ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ የአልማዝ እናት ቅርጫቷን ሳትይዝ በር ላይ ቆመች። አፏን የፈታችው በጌዴኦኛ ነው፤ አማርኛዋ ወንዱንም ሴቱንም አንተ የሚል፣ ብዙውንም አንዱንም የማይለይ ነበር። እኛ ልጆች ከኋላዋ እንስቅበት ነበር።

«የማርቆስ ፎቶ ተገኘ አሉ» አለች።

የእናቴ የስፌት መኪና ቆመ። «ኧረ የምን ፎቶ! የልጆች ወሬ ነው። ግቢ እንጂ፣ ዝናቡ አበሰበሰሽ።»

«ልጆች መንገድ ላይ ይጮኻል። በረኛው ተገኘ ይላል። የሰናይት እጅ ነው ይላል» አለች ወደ እኔ እያየች።

«ልጆች አይደሉ? ዝም ብለው ነው። ምንም የለም።»

የአልማዝ እናት ገባች። ተቀመጪ ስትባል አልተቀመጠችም። ከደረቷ ትንሽ የጨርቅ ቋጠሮ አውጥታ ፈታችና አንድ ፎቶ ለእናቴ ሰጠቻት። አንገቴን አሰገግኩ። የቀኝ ተመላላሹ ነበር፤ ብዙም የማይፈለግ፣ የትም የሚገኝ።

«ይሄን ሰውዬ አላውቅም» አለች። «ይሄን ነው የማየው።» ጣቷ ያረፈው ተመላላሹ ላይ ሳይሆን ከኋላው፣ ከጎሉ ቋሚ አጠገብ፣ ፎቶው ጠርዝ ላይ ተቆርጦ የቀረ ጥቁር እጅጌ ላይ ነው። «ክርኑ ነው። ሹራቡን እኔ ነኝ የጠገንኩት። ሌላ የለኝም።»

እናቴ ፎቶውን ወደ ዓይኗ አቀረበችው።

«ለእኔ ብላችሁ ነው የወሰዳችሁ። እግዜር ይስጥህ። ያኔ ሁልጊዜ ባየው እሞት ነበር፣ እውነት ነው። ግን በኋላ ማንም አልመለሰም። እኔ መጠየቅ አፈርኩ። ‹ገና ታለቅሳለች› ትላላችሁ ብዬ ፈራሁ። ቆጮ ይዤ በየቤቱ ስገባ መስተዋት ላይ ነው የማየው፤ ምናልባት አንድ የረሱት አለ ብዬ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ዓይኔን ስጨፍን ድምፁ ይመጣል፣ አካሄዱ ይመጣል። ፊቱ ጠፋብኝ። እናት የልጁን ፊት ይረሳል? እኔ ረሳሁ።»

እናቴ ቀሚሷን ይዛ ወደ መሬት እያየች፣ ከለመደችው ደግነት መውጣት አቅቷት «የለም እኮ እትዬ... ቢኖር...» አለች።

እንግዲህ ሩኅሩኅ ሆኜ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን እኔ የሰበሰብኩት፣ የለፋሁለት፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ የመሰከረለት ፎቶ ፊቴ ላይ «የለም» ሲባል አልቻልኩም።

«አለ!» ብዬ ጮህኩ። ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ ከደብተሩ ሽፋን አወጣሁና ዘረጋሁላት።

እናቴ ልትወድቅ ነው ብላ ከኋላዋ ሄዳ ቆመች። የአልማዝ እናት ግን አልወደቀችም። ፎቶውን ይዛ ወደ በሩ፣ ብርሃን ወዳለበት ሄደች። ረጅም ጊዜ አየችው። እኔ ጩኸቱን እየጠበቅሁ ጆሮዬን ለመያዝ ተዘጋጅቻለሁ።

«ልጅ ነው እኮ» አለች።

ወደ እኛ ዞረች፤ ተገርማለች። «እኔ ልብ ውስጥ አድጎ ነበር። ሽበት አውጥቶ፣ ወፍሮ፣ እንደ አባቱ ሆኖ ነበር። ይሄ ልጅ ነው! አየህ ጉንጩን?» ሳቀች። በእውነት ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ተቀየረና እናቴ አቀፈቻት፣ ሁለቱም ከስፌት መኪናው አጠገብ ቁጭ ብለው ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ። እኔም ማንም ሳያየኝ አለቀስኩ።

ስትረጋጋ ፎቶውን መልሳ ዘረጋችልኝ። «ያንተ ነው አይደል? ልጆች እንደዚያ ሲል ሰምቼ ነው።»

ከዲላ አንድ ብቻ የቀረ ነው፤ እንደሱ ያለ ዳግመኛ እንደማላገኝ አውቃለሁ። «ውሰጂው» አልኳት። ከአፌ ሲወጣ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር።

በማግስቱ እናቴ፣ የአልማዝ እናትና እኔ ጋሽ ተካ ዘንድ ሄድን። ጋሽ ተካ ሲያያት ክው ብሎ ተነሣ፤ መቀሱን መሳቢያ ውስጥ ሲከት አየሁት። ፎቶውን ፎቶ ማንሣት እንደሚቻል፣ ከዚያ የፈለገችውን ያህል እንደሚያትም ነገራት።

«ስንት ላድርግልሽ?»

«ብዙ።»

«ብዙ ማለት ስንት?»

ዞራ እኔን አየችኝ፤ ነገሩን የማውቀው እኔ ነኝ መቼም። «ከሽፈራው የሚበልጥ» አልኩ። ጋሽ ተካ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ጨለማው ክፍል ውስጥ አስገባን። ነጩን ወረቀት ውሃው ውስጥ ሲከተው ባዶ ነበር። መጀመሪያ ጥቁሩ ሹራብ መጣ፣ ቀጥሎ ኳሱ፣ መጨረሻ ፊቱ። የአልማዝ እናት በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ፊቱ ሲወጣ «መጣ» ትላለች። ሳህኑ ሞላ፣ ገመዱ ሞላ፣ እሷ ግን አንዱንም ሳታይ አላለፈችም።

ቆጮ የገዛት ሁሉ ማርቆስን አብሮ ይዞ ይሄድ ጀመር። የጎመን ሻጮቹ፣ የጭነት መኪና ረዳቶቹ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪዎቹ ደረሳቸው። አንዳንዱ እሷ ፊት ማየት ፈርቶ ወደ ጎን እያየ ይቀበላል፤ እሷ ግን «እየው እንጂ፣ ቆንጆ ነው» ትላለች። ትምህርት ቤት ውስጥ የበረኛው ዋጋ ወደቀ። ታሪኩ «ከሰርሽ!» እያለ አንድ ሳምንት ሳቀብኝ፤ ከዚያ ለቀማው አልቆ የቀሩት ልጆች ከገጠር ሲመለሱ ሁላችንም ወደ ብያችን ተመለስን።

እኛ ቤት ያመጣችው በመጨረሻ ነው። ቅርጫቷን አወረደችና ለእናቴ አንዱን ፎቶ ዘረጋችላት። እናቴ እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች፤ እንደዚያ እየበተነች አንድ ቀን ባዶ እጇን እንዳትቀር ሰግታላት ነው። «አይሆንም፣ ለአንቺ ይቅር» አለቻት። «ምን ይታወቃል፣ ለክፉ ቀን አንድ ትርፍ ያዢ እንጂ።»

የአልማዝ እናት የእናቴን እጅ ጎትታ ፎቶውን መዳፏ ውስጥ አስቀመጠችና ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈችላት።

«ውሰደው» አለቻት። «እኔ ሞልቶኛል።»